ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቦርድ አባላት የሚሰጡ ሥልጠናዎችና ድጋፎች፦ ከዋሽንግተን ስቴት የተገኘ የግል ተሞክሮ

በዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ካውንቲ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲስትሪክት የባለአደራ ቦርድ ውስጥ አባል ሆኜ አገለግላለሁ። ይህን የምጽፈው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ባለ ቦርድ ውስጥ ለመግባት ሲያስቡ፣ ወይም ገብተው ግራ ሲገባቸው፣ ሥልጠናውና ድጋፉ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው መቅደም እንዳለበት፣ የትኛውስ በእርግጥ ሥራ ላይ እንደሚውል እንዲያውቁ ነው። ልጆቻችን የሚያነቡበት፣ እናቶቻችን እንግሊዝኛ የሚለማመዱበት፣ አዲስ የመጡ ወገኖች ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁበት ቤት በማን እንደሚመራ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። የሚመራው ደመወዝ በማይከፈላቸው፣ ከነዋሪው መካከል በተሾሙ ጥቂት ሰዎች ነው።

በዋሽንግተን ሕግ መሠረት የገጠር ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ዲስትሪክትን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተዳድሩት አምስት ባለአደራዎች ሲሆኑ፣ የሚሾሟቸውም የካውንቲው ኮሚሽነሮች ናቸው፤ በከተማ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከንቲባው በምክር ቤቱ ስምምነት ይሾማል። የአገልግሎቱ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ተከታታይ ዘመናት በላይ ማገልገልም አይፈቀድም። ይህ አሠራር ግን በየስቴቱ፣ አንዳንዴም በየካውንቲው ይለያያል። ለምሳሌ በሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ምክር ሰጪ እንጂ ወሳኝ አካል አይደለም። ስለዚህ ማንም ሰው ከማመልከቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ቦርዱ ይወስናል ወይስ ያማክራል የሚለው ነው፤ የሚያስፈልገው ሥልጠና ዓይነት በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታል።

ወደ ቦርዱ ስገባ በእድር ኮሚቴና በቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የማገልገል ልምድ ነበረኝ። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሒሳብ ማስመርመር፣ በሐሳብ ተከራክሮ በሰላም መለያየት ከዚያ የሚገኝ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰውም ለቤተ መጻሕፍት ቦርድ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ የሚመጣው በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። በእድር የኮሚቴው አባል ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ራሱ ጸሐፊ፣ ሲያስፈልግም ራሱ ድንኳን ተካይ ነው። በቤተ መጻሕፍት ቦርድ ግን ሥራውን የሚሠሩት ዳይሬክተሩና ሠራተኞቹ ናቸው። ቦርዱ ዳይሬክተሩን ይቀጥራል፣ የሥራ አፈጻጸሙን ይገመግማል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ፖሊሲ ያወጣል፣ የንብረቱን አያያዝ ይቆጣጠራል። የትኛው ሠራተኛ በየትኛው ሰዓት ይግባ፣ የትኛው መጽሐፍ ይገዛ የሚለው የቦርዱ የዕለት ተዕለት ሥራ አይደለም። ከዚህም ሌላ አንድ ባለአደራ ብቻውን ምንም ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ ቦርዱ በሕጋዊ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ በድምፅ ሲወስን ብቻ የሚገኝ ነው። በማኅበር ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ሥልጠና ምን ያደርግልኛል ቢል መልሴ ይህ ነው፤ የሚያስፈልገው በጎ ፈቃዱንና ልምዱን በዚህ አጥር ውስጥ ለማዋል ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አባባል እዚህ ቦታውን ያገኛል።

ግዴታ በሆነው ሥልጠና ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ በዋለው የስቴቱ ሕግ መሠረት፣ ማንኛውም የሕዝብ መሥሪያ ቤት የቦርድ አባል ቃለ መሐላ በፈጸመ ወይም ሥራውን በጀመረ በ90 ቀን ውስጥ ስለ ክፍት ስብሰባዎች ሕግ መሠልጠን፣ ከዚያም ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ትምህርቱን ማደስ አለበት። ሥልጠናው ነጻ ነው፤ የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በኦንላይን ባስቀመጣቸው ቪዲዮዎች በቤት ተቀምጦ መውሰድ ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ማለፍ ግን አይበቃም እላለሁ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ከመካፈል በፊት አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ስብሰባዎች ከተካፈሉ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ቢታይ፣ በመጀመሪያው ላይ ደረቅ የሕግ ቃል የመሰለው ሁሉ በሁለተኛው ላይ የሚታወቅ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ሕግ ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጨው ዋናው ቦታ እዚህ ስለሆነ ነው። በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ወደ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይመክሩበታል፤ የተቀየመ ካለ ቀድሞ ይለመናል፣ ጉባኤው ላይም ሰው እንዳያፍር ነገሩ ተለዝቦ ይቀርባል። ይህ የጨዋነት ምልክት ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። በዋሽንግተን ሕግ ግን አምስት አባላት ባሉት ቦርድ ውስጥ ሦስቱ ስለ ቦርዱ ጉዳይ ከተመካከሩ ምልአተ ጉባኤ ተሟልቷልና ያ ስብሰባ ነው፤ ለሕዝብ ሳይነገር ከተደረገም ሕገወጥ ነው። ሦስቱ በአንድ ክፍል መቀመጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም። አንዱ ለሁለተኛው ደውሎ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለሦስተኛው በኢሜይል አስተላልፎ፣ ሐሳብ እየተለዋወጡ ወደ አንድ አቋም ቢደርሱ እንደ ስብሰባ ሊቆጠር ይችላል። በኢሜይል ለመጣ ጥያቄ ለሁሉም መልስ የሚለውን መጫን፣ የቦርድ አባላት ብቻ የሚገናኙበት የቫይበር ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ መክፈት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉን እያወቀ የጣሰ አባል በግሉ 500 ዶላር ይቀጣል፤ ከደገመው ቅጣቱ 1,000 ዶላር ይደርሳል።

እንዲህ ሲባል ሁሉም ነገር አደባባይ ላይ ይወጣል ማለት አይደለም። ሕጉ ለተወሰኑ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ የአንድን ሠራተኛ አፈጻጸም ለመገምገም፣ ስለ መሬት ግዢ ወይም ስለ ክስ ከጠበቃ ጋር ለመነጋገር፣ ዝግ ስብሰባ ይፈቅዳል። ሰብሳቢው ምክንያቱንና የሚያበቃበትን ሰዓት ለሕዝብ አስታውቆ መግባት አለበት፤ የመጨረሻው ውሳኔም በክፍት ስብሰባ ላይ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ውሳኔ በሚሰጥበት መደበኛ ስብሰባ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ዕድል መስጠት ግዴታ ሆኗል። ለማኅበረሰባችን ይህ ትልቅ በር ነው፤ የቦርድ አባል ያልሆነ ሰው እንኳ ገብቶ በቅርንጫፉ የአማርኛ መጻሕፍት እንዲጨመሩ ወይም የመዝጊያው ሰዓት እንዲራዘም መጠየቅ ይችላል።

ከዚሁ ጋር አብሮ መወሰድ ያለበት የሕዝብ መዝገቦች ትምህርት ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ውሳኔ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ባለሥልጣን በግል ስልኩ ስለ ሥራው የላከው መልእክት የሕዝብ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል ተረጋግጧል። ስለዚህ ለቦርድ ሥራ የተለየ የኢሜይል አድራሻ እንዲሰጣችሁ ዳይሬክተሩን ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ዲስትሪክቶች ያለ ችግር ይሰጣሉ። በተቃራኒው፣ ማን ምን እንደተዋሰ የሚያሳየው የተገልጋዮች መዝገብ በሕግ ከመገለጥ የተጠበቀ ነው። አንድ ወላጅ ወይም የሃይማኖት መሪ እገሌ ምን እያነበበ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ጠያቂው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ባለአደራው በትሕትና እምቢ ማለት እንዳለበት የሚያስተምረው ይህ ክፍል ነው።

በግዴታ ከተሰጠው ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ጠይቄ ያገኘሁት ድጋፍ ነው። በስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ሥር ያለው የዋሽንግተን ስቴት ቤተ መጻሕፍት በስቴቱ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉት፤ ለባለአደራዎች የሚሆኑ ጽሑፎችንና ሥልጠናዎችንም ያዘጋጃል። የእኛ ዳይሬክተር ከስቴቱ ቤተ መጻሕፍት አማካሪ ጋር አገናኝታኝ ነበር፤ ስለ ዳይሬክተር ግምገማ፣ ስለ መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ፣ አዲስ አባል በመጀመሪያው ዓመት ምን ማንበብ እንዳለበት ያገኘሁት ማብራሪያ ከማንኛውም ቪዲዮ የበለጠ ነበር፤ የእኛን ዲስትሪክት ስፋትና አቅም እያዩ ስለሚመልሱ። አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ አገልግሎት በከፊል የሚደገፈው በፌዴራሉ የሙዚየሞችና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎቶች ተቋም በኩል በሚመጣ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ተቋሙን ለማዳከም የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ገንዘቡን በክርክር ውስጥ ከቶታል። ስለዚህ አንድ ሥልጠና ባለፈው ዓመት ስለነበረ ብቻ ዘንድሮም ይኖራል ብሎ ከመጠበቅ፣ ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል።

ለሕግ ጥያቄ ሌላው ታላቅ ምንጭ በሲያትል የሚገኘውና ለስቴቱ የአካባቢ መስተዳድሮች መረጃ የሚያዘጋጀው ሙኒሲፓል ሪሰርች ኤንድ ሰርቪስስ ሴንተር ነው። ስለ ክፍት ስብሰባና ስለ ሕዝብ መዝገብ ያዘጋጃቸው መመሪያዎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ከሕጉ ቃል ይልቅ እንደ እኛ ላለ አንባቢ ይቀላል።

ስለ ገንዘብ መማር የሚገባውን ያህል ትኩረት አያገኝም ብዬ አምናለሁ። በጀት የሚያጸድቅ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። የዋሽንግተን የቤተ መጻሕፍት ዲስትሪክት ዋና ገቢ የንብረት ግብር ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በተገመተው የንብረት ዋጋ ላይ ከየ1,000 ዶላሩ 50 ሳንቲም ነው። በ400,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው ቢበዛ በዓመት 200 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከአዲስ ግንባታ የሚመጣው ሳይቆጠር፣ ዲስትሪክቱ የሚሰበስበው ግብር ያለ መራጮች ፈቃድ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ማደግ አይችልም። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጤና መድን፣ የኢ-መጻሕፍት ፈቃድ ክፍያ ከ1 በመቶ በላይ በሚጨምርበት ጊዜ ዲስትሪክቱ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንድ ቀን ሰዓት መቀነስ ወይም ወደ መራጩ ሄዶ ገደቡ እንዲነሣ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ይህን ያስረዱኝ የዲስትሪክቱ የፋይናንስ ኃላፊና የካውንቲው የንብረት ገማች ቢሮ ሠራተኞች ናቸው። አዲስ አባል በበጋው ወራት፣ የበጀት ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ለብቻ ተቀምጦ በጀቱን መስመር በመስመር እንዲያስረዱት ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። የግብሩ ውሳኔ እስከ ኖቬምበር 30 ለካውንቲው መድረስ ስላለበት በበልግ ሁሉም ሰው ይጣደፋል፤ ያን ጊዜ መሠረታዊ ጥያቄ የሚመልስ ጊዜ ያለው ሰው አይገኝም። የስቴቱ ኦዲተር ጽሕፈት ቤት በዲስትሪክቱ ላይ ያወጣውን የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርትም አንብቡ፤ ሪፖርቶቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ኦዲቱ ሲያበቃ በሚደረገው የመዝጊያ ውይይት ላይ የቦርድ አባላት ይጋበዛሉ፤ ጊዜ ያለው ሰው አይቅር።

የግብር ገደብ ጉዳይ ወደ ምርጫ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ሕግ ይመጣል። የዲስትሪክቱን ሠራተኛ፣ ሕንፃ ወይም ኢሜይል ለቅስቀሳ መጠቀም ክልክል ነው፤ እውነታውን ማስረዳት ግን ይፈቀዳል። ቦርዱ አስቀድሞ አስታውቆ፣ ተቃዋሚዎችም እኩል እንዲናገሩ ዕድል ሰጥቶ በክፍት ስብሰባ የድጋፍ ውሳኔ ማሳለፍ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ለወገኖቹ ስለ ጉዳዩ መናገር የሚፈልግ ባለአደራ፣ የሚናገረው በግሉ ነው ወይስ በቦርዱ ስም የሚለውን ቀድሞ ከዲስትሪክቱ ጠበቃ ጋር ቢያጣራ ይበጀዋል።

በመጻሕፍት ላይ የሚነሣ ክርክር በዚህ ዘመን የትኛውንም ቦርድ ሊያገኘው ይችላል። በዚሁ ስቴት በደቡብ ምሥራቅ በኩል በምትገኘው በዴይተን ከተማ፣ በልጆችና በወጣቶች መጻሕፍት ላይ የተነሣው ቅሬታ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሎምቢያ ካውንቲ የገጠር ቤተ መጻሕፍት ዲስትሪክት ጨርሶ እንዲፈርስ ፊርማ ተሰባስቦ ጉዳዩ ለምርጫ ሊቀርብ ነበር፤ በሴፕቴምበር ፍርድ ቤት አገደው። በቀጣዩ ዓመት የስቴቱ ምክር ቤት እንዲህ ላለ ጥያቄ የሚያስፈልገውን የፊርማ ብዛት ከፍ አደረገ። ወላጅ ስለ ልጁ ንባብ መጨነቁ ተገቢ ነው፤ ብዙዎቻችንም እንጨነቃለን። ባለአደራው ግን ጉዳዩን በራሱ እምነት ብቻ ሊፈታው አይችልም፤ ቅሬታው በማን እንደሚታይ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ይግባኙ ለማን እንደሚቀርብ የሚደነግግ የተጻፈ ፖሊሲ ቀድሞ መኖር አለበት። ስለዚህ ለማንኛውም አዲስ አባል የምመክረው፣ ምንም ክርክር በሌለበት ጊዜ የመጻሕፍት ምርጫና የቅሬታ አቀራረብ ፖሊሲውን አንብቦ፣ የማይገባውን በስብሰባ ላይ እንዲጠይቅ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በሐሳብ ነጻነት ዙሪያ የሚሰጠው ምክርም በዚህ ላይ ጠቃሚ ነው፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1939 ያጸደቀው የቤተ መጻሕፍት መብቶች መግለጫ የብዙ ቦርዶች ፖሊሲ መሠረት ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ያሉትን ባጭሩ ልጥቀስ። ዩናይትድ ፎር ላይብረሪስ የተባለው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ክፍል ለባለአደራዎች አጫጭር ቪዲዮዎችና የኦንላይን ኮርሶች አሉት፤ አንዳንዶቹ ክፍያ ስላላቸው ከመመዝገባችሁ በፊት ስቴቱ ወይም ዲስትሪክቱ ቀድሞ የከፈለው እንዳለ ጠይቁ። ለቤተ መጻሕፍት ሰዎች የኦንላይን ትምህርት የሚሰጠው ዌብጃንክሽን የሚያቀርባቸው ዌቢናሮች (በኢንተርኔት የሚተላለፉ ገለጻዎች) በነጻ ናቸው፤ ተቀድተው ስለሚቀመጡም እያቆሙና እየደገሙ መስማት ይቻላል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ እያንዳንዱ የቤተ መጻሕፍት ባለአደራ በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዲማር በሕግ አስገድዷል። ዋሽንግተንም እንዲሁ ብታደርግ እመኛለሁ፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚታደስ የአንድ ሕግ ትምህርት ለሕዝብ ገንዘብ ኃላፊ ለሆነ ሰው አይበቃም።

ስለ ቋንቋ ደግሞ በግልጽ መነጋገር ይገባል። እንግሊዝኛ በሥራ ቦታ የሚበቃው ሰው እንኳ በቦርድ ስብሰባ ላይ በሚሰማው የሥነ ሥርዓት ንግግር ሊደናገር ይችላል። ብዙ ቦርዶች ሮበርትስ ሩልስ የተባለውን የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ ይከተላሉ፤ መጽሐፉ ከደርዘን ለማይበልጡ ትንንሽ ቦርዶች ቀለል ያለ ሥርዓት ስለሚፈቅድ፣ የእናንተ ቦርድ የትኛውን እንደሚጠቀም ከመተዳደሪያ ደንቡ አረጋግጡ። የስብሰባው ሰነድ ቢያንስ ከጥቂት ቀናት በፊት እንዲደርሳችሁ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ለዳይሬክተሩ ለብቻው መላክ የክፍት ስብሰባ ሕጉን አይነካም፤ ዳይሬክተሩ የአንዱን አባል አቋም ለሌላው እስካላስተላለፈ ድረስ። የእኛ ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት አዛውንት ሴት ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት አጀንዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ከየት እንደመጣ በስልክ ያስረዱኝ ነበር። እንዴት ድምፅ ልስጥ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ራሳቸው አቋም ሊስቡኝ አልሞከሩም፤ የሚነግሩኝ ታሪኩን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነባር አባል እንዲመደብላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ብትጠይቁ አብዛኛው ቦርድ በደስታ ይቀበላችኋል።

የሥልጠና ወጪም እንቅፋት መሆን የለበትም። የዋሽንግተን ሕግ ለባለአደራ ደመወዝ ቢከለክልም ለሥራው የሚያስፈልግ ወጪ ከቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ እንዲሸፈን ይፈቅዳል፤ የጉባኤ መመዝገቢያ፣ መጓጓዣና ማደሪያ በዚህ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። በበጀቱ ውስጥ ለቦርድ ሥልጠና የተያዘ መስመር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ በሚቀጥለው በጀት እንዲያዝ በስብሰባ ላይ ሐሳብ አቅርቡ።

ክፍት ቦታ ሲኖር ማስታወቂያው በካውንቲው ወይም በከተማው ድረ ገጽ፣ በቤተ መጻሕፍቱም የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ከማመልከታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ስብሰባ እንደ ታዳሚ ተቀምጣችሁ አዳምጡ፤ የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችንም አንብቡ። በማመልከቻው ላይ የእድር ጸሐፊነታችሁን፣ የማኅበር ሒሳብ ተቆጣጣሪነታችሁን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማራችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ የሚሾሟችሁ ኮሚሽነሮች እነዚህን ተቋማት ስለማያውቋቸው ስንት አባል እንዳላቸው፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅሱ፣ የእናንተም ኃላፊነት ምን እንደነበረ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራሩላቸው። ለቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ ደግሞ አዲስ ባለአደራ በመጀመሪያው ዓመት ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚያገኝ እናንተው ጠይቋቸው።